በማንጎ ጥላ የቆመው በር

ዓፊፋ ቀን ቀን የምትተኛ ሴት ነበረች። ሰነፍ ብሎ የሚያማት ካለ ግን ከእኔ ጋር ይጣላል። ጎህ ሲቀድ ሱቅ የምትከፍተው እሷ፣ ዕቃ የምታስራግፈው እሷ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር ስትጨቃጨቅ የምታረፍደው እሷ። ዙህር ሰግዳ ስታበቃ፣ የጁባ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ከጫማ ሣጥኖች ጀርባ ያለችው የላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ትልና ዐይኗን ትከድናለች። ጆሮዋ አይተኛም። ሰው ገብቶ ጫማ ቢያነሣ ዐይኗን ሳትገልጥ ዋጋውን ትነግረዋለች፤ ቀንሺ ካላት «ማፊ» ትለዋለች፣ በጁባ ዐረብኛ «የለም» ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ሕልሟ ትመለሳለች።

ሕልሟ ሁልጊዜ አንድ ነው። ትልቅ መደብር ታያለች። ሱቆቹ እርስ በርሳቸው ይከፋፈታሉ፤ በጫማው በኩል የገባ ሰው በጨርቁ አልፎ፣ በሰሃንና በብርጭቆው ዞሮ፣ በመጋረጃው በኩል ይወጣል። መሐል ላይ ደግሞ ደረጃ አለ። ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳትሳቀቅ የምትወጣው ደረጃ። ላይ ምን እንዳለ አታውቅም። እግሯን መጀመሪያው መርገጫ ላይ ስታሳርፍ ትነቃለች።

ይኼ የደረጃ ነገር ከየት መጣ ለሚል፣ ከመርካቶ ነው። አባቷ መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያቆም ሱቅ ነበራቸው፤ ዕቃው ሁሉ ከላይ ቆጥ ላይ ይከመራል። ወንድሞቿ በመሰላል እየወጡ ጥቅሉን ይወረውራሉ፣ እሷ ከታች ሆና ትቀልባለች። አንድ ቀን እኔም ልውጣ ብትል አባቷ «ሴት ልጅ ቆጥ አትወጣም» አሏትና ነገሩ በዚያው አለቀ። ለሌላው አለቀ እንጂ ለእሷ አላለቀም። ልጅነቷን በሙሉ አንጋጣ ነው ያሳለፈችው፤ ቆጡ ላይ ብርሃን ያለ ይመስላት ነበር።

ረፊቅን አግብታ ጁባ ስትመጣ አገሩ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ገና አዲስ ነበር። ረፊቅ ዝምተኛ ነው፤ ኑሮው መኪና ላይ ነው፣ ከዑጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ፣ ዕቃ ጭኖ ይመጣል፣ አራግፎ ይመለሳል። የቤቱ አውራ ታላቅ ወንድሙ ሙኽታር ነበር። ሙኽታር ሲበዛ ጥንቁቅ፣ ሲበዛ ኩሩ፣ ሲበዛ ደግሞ ሱቅ ወዳድ ሰው ነው። ሌላው ሰው ጫት ሲያምረው እሱ የጎረቤት ሱቅ ያምረዋል። «ኸይር መደብር» የሚለውን ሰሌዳ ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር ባንዲት ጫማ መሸጫ ላይ ሰቅሎ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ የወንዙ ወደብ አጠገብ ገመድ፣ ሸራና ጀሪካን የሚሸጥ ቤት ገዛ፤ ከዚያ ኮሎሎ ሰፈር የመጋረጃና የምንጣፍ ቤት። መሬቱ የአገሩ ሰው ነው፤ የሚገዛው በውስጡ ያለው ዕቃና ቁልፉ ነው። ቁልፉ ያንተ ከሆነ ሱቁ ያንተ ነው።

ይህ ቤተሰብ አንድ ደንብ ነበረው፤ ደንቡም የመጣው ከስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ሱቅ የሸጠላቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ አገር ለሁለት ሲከፈል ሳይወድ በግዱ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ነበር፤ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ወርውሮላቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ዝም አለ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይወጣል። ሙኽታር የሰውየው ልብ እዚህ ቀርቷል ብሎ ዓፊፋን ላካት። ሽማግሌው ወደቡ ላይ ከጓዙ ጋር ጀልባ ሲጠብቅ አገኘችው። ከማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች፣ ሻይ አዘዘች፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ መጨረሻ ላይ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን አለችው። ሽማግሌው ሳቀ። ቁልፉን ከእጇ ተቀበለና መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው፤ ሐላል ይሁንላችሁ አላት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጫማው ተሸጠ።

እንግዲህ ሙኽታር እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከዚያ ወዲህ የሻጩ ቁልፍ በዓፊፋ መዳፍ ላይ ካላረፈ፣ ሻጩም በአፉ ሐላል ካላለ፣ ሱቅ ተገዛ አይባልም። ወንዶቹ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ የመጨረሻውን የምትፈጽመው እሷ ናት። ተቀብላ ስትመጣ ቁልፉን ከባንኮኒው ጀርባ ካለችው ጣውላ ላይ፣ ከምስማሩ ታንጠለጥለዋለች። ሙኽታር ከመንገድ ሲመለስ ሰላምታ እንኳ ከመስጠቱ በፊት ዐይኑ ወደዚያች ጣውላ ነው። እዚያ የተሰቀለ ቁልፍ የኸይር ነው፤ ጥያቄም የለው።

ከጫማው ቤት ቀጥሎ የሸዋረጋ ሱቅ ነበር። ሸዋረጋ ጴንጤ ናት፣ ባል የሌላት፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ሣቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። ጁባ ውስጥ ያለ ኳየር ሁሉ፣ አበሻውም የአገሩም ሰው፣ ከእሷ ስፌት ያመለጠ የለም። ስትሰፋ ትዘምራለች፤ መኪናዋ ይንኳኳል፣ መዝሙሩ ይከተላል፣ ግድግዳው ሥሥ ነው፣ ዓፊፋም በዚያ ድምፅ ነው የምትተኛው። አንዳንድ ቀን ሸዋረጋ ከወዲያ ሆና «ዓፊ፣ ተኛሽ?» ትላታለች። ዓፊፋ ከወዲህ ተኝቻለሁ ብላ ትመልሳለች። እንዲህ ነበሩ። የጾም ወር ሲሆን ሸዋረጋ ምሳዋን ደብቃ ትበላ ነበር፤ ዓፊፋ ደግሞ ሽታው መጣብኝ እያለች ታሾፍባታለች።

ከሸዋረጋ ወዲያ ያለውን የጨርቅ ቤት ሙኽታር ቀድሞ ገዝቶታል። ስለዚህ ኸይር ኒምራ ታላታ ላይ በግራም በቀኝም አለ፤ መሐሉ ግን የሸዋረጋ ነው። ሙኽታር በጨዋነት ጠይቋታል፣ እሷም በጨዋነት እምቢ ብላለች። ዓፊፋ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አፏን አልከፈተችም። ግን እውነቱን እንናገር፤ በሕልሟ ደረጃው የሚቆመው የት እንደሆነ ታውቃለች። ከጫማውና ከጨርቁ መሐል ነው።

ያ የታኅሣሥ እሑድ መጣ። በ2006 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ 2013 ማለቂያ ላይ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተኩስ ጁባ ላይ ሲጀምር ሰው በያለበት ወለል ላይ ተኛ። ቀናት አለፉ። ጋብ ሲል፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አየር ማረፊያው ጎረፈ። ረፊቅ ኒሙሌ፣ ሙኽታር ካምፓላ ቀርተው ነበር፤ መንገድ ተዘግቷል። ዓፊፋ ሱቁን ትቼ አልሄድም ብላ ቀረች። ሸዋረጋ ግን አዲስ አበባ ያሉት እናቷ በስልክ እያለቀሱ መቆሚያ መቀመጫ አሳጧት።

በማለዳ መጣች። አንድ ቦርሳ አንግታለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቃል ሳታባክን የዓፊፋን እጅ ያዘችና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረችው፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት።

«ዓፊ፣ አደራ። እስክመለስ።»

«እስክትመለሺ» አለቻት ዓፊፋ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሸዋረጋ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ ሄደች።

ዓፊፋ ወደ ሱቅ ገባች። አእምሮዋ ከሸዋረጋ ጋር ሄዷል፣ ዐይኗ እንባ ነው፤ እጇ ግን የለመደውን አደረገ። መዳፏ ላይ ያረፈ ቁልፍ የት እንደሚሄድ እጇ ያውቃል። ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

መንገድ ተከፍቶ ሙኽታር ሲመለስ፣ እንደ ልማዱ ዐይኑ ጣውላዋ ላይ አረፈ። ቆመ። የሸዋረጋን ቁልፍ በቀይ ክሩ ያውቀዋል። ረፊቅ ተስማምቶላት ይሆናል ብሎ ገመተ፤ ረፊቅ ደግሞ በበኩሉ ወንድሜ በስልክ ጨርሶት ነው ብሎ ነበር። እንደ እነሱ ያለ ቤት ውስጥ ወንድም ወንድሙን ከፍለሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ሙኽታር የጠየቀው ዓፊፋን ብቻ ነው፣ ያውም ፊቱ እያበራ፤ በእጅሽ ሰጠችሽ? አላት።

«በእጄ ሰጥታኛለች» አለች ዓፊፋ።

ውሸት አይደለም። ሐላል አለችሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ምን እንደምትል አላህ ነው የሚያውቅ። አልጠየቃትም። አልሐምዱሊላህ አለና እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ እዚህ ጋ አፍርሰን ሰፊ ቆጥ እንሠራለን፣ ወደ ቆጡም ደረጃ እናቆማለን አላት። መሰላል አይደለም፣ ሴቶች የሚወጡት ደረጃ። አፏ ውስጥ የነበረው ቃል በዚያች ቅጽበት ደረቀ። ደረጃ ባይል ትናገር ነበር፤ እኔ እንደዚያ አምናለሁ። ደረጃ አለ፣ እሷም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ ልንገራችሁ፤ ይነቅዛል።

የቦታው ባለቤት የሆኑት የባሪ ጎሣ ባልቴት ማፊ ሙሽኪላ አሉ፣ ችግር የለም። የዑጋንዳ ግንበኞች መጡ። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ወረደ። የሸዋረጋን የስፌት መኪናና ያላለቁ የመዘምራን ልብሶች ዓፊፋ ቤቷ ወስዳ በንጹሕ አንሶላ ሸፈነቻቸው። የሱቁን የብረት በር ሠራተኞቹ ለቆራሊዮ ሊሰጡት ሲሉ ግን፣ ያቺ እንቅልፋም ሴት ሮጣ መጥታ በሩን በሁለት እጇ ያዘችው። ይኼ አይሸጥም አለች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከመደብሩ ጀርባ ባለው ግቢ፣ በሁለት ማንጎ ዛፎች መሐል፣ ከነመቃኑ አቆሙላት።

መደብሩ ተከፈተ። ጁባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገና ብርቅ ነበር። ሰው ለመግዛት ሳይሆን ደረጃ ለመውጣት ይመጣል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል፣ ሴቶች ረጅም ቀሚሳቸውን እያስጎተቱ ቀስ ብለው ይወጡና እየሳቁ ይወርዳሉ። ላይ ፍራሽና የአልጋ ልብስ ነው የሚሸጠው። ዓፊፋ ከታች ሆና ታያቸዋለች። እሷ አልወጣችም። ጉልበቴን ያመኛል አለች፣ አመኗት።

እንደ ድሮው ሱቁ ዝም ቢል፣ ዕቃው ባይሸጥ ኖሮ ይቀላት ነበር። ምልክት ታይቷል ብላ ትናገር ነበር። ምልክት የለም! እንዲያውም ገበያው ጎረፈ። ብዙ ነጋዴ ከተማውን እየለቀቀ ነው፣ ሙኽታርም ይገዛል፤ ወደቡ ጋ ሁለተኛ ቤት፣ ኮሎሎ መንገድ ላይ የሕፃናት ልብስ ቤት። በየጊዜው ዓፊፋ ትሄዳለች፣ ከሻጩ ጋር ሻይ ትጠጣለች፣ መዳፏን ትዘረጋለች። ቁልፉ ሲያርፍባት ግን አንገቷን ትደፋ ጀመር። ሻጮቹ አዝናልን ነው ብለው ይበልጥ ይመርቋታል። ይኼ ደግሞ ባሰባት።

ቀትር ላይ ዐይኗን ስትከድን ደረጃው አይመጣም። ያ ሕልም ጠፋ። ከግድግዳው ወዲያ የሚንኳኳ መኪና የለም፣ ግድግዳውም የለም። ስለዚህ ቀትር ሲሆን ወደ ግቢው መውጣት ለመደች። በማንጎው ጥላ፣ በቆመው በር ፊት ትቀመጣለች። ከምስማሩ ያወረደችውን ቁልፍ ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ታወጣና ቁልፉን ታዞራለች፤ በሩ ይከፈታል፤ በወዲያ በኩል ያው ግቢ ነው፣ ያው ቅጠል፣ ያው የዶሮ ኩስ። ትዘጋዋለች። በዝናቡ ወራት መቆለፊያው እንዳይዝግ ዘይት ትቀባዋለች። ንፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ይንሾካሾካል፣ ብርሃኑ በበሩ ላይ ይዋኛል፤ እሷም አንዳንዴ ከበሩ ወዲያ የስፌት መኪና የሰማች ይመስላትና ጆሮዋን ብረቱ ላይ ታስጠጋለች። ብረቱ ይሞቃል፣ ድምፅ ግን የለውም። ያዩዋት ጎረቤቶች ሴትዮዋ ጂን ይዟታል ተባባሉ። ጂን ባልከፋ።

ሸዋረጋ አንድ ጊዜ ደወለች። እናቷ ታመው እንዳልተመለሰች፣ ቶሎ እንደምትመጣ ነገረቻት፤ ከዚያ ሱቄ ደኅና ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ዓፊፋ ስልኩን ይዛ ደረጃውን አየች። ሁለት ሴቶች እየሳቁ ይወርዳሉ። «ደኅና ነው» አለቻት። ያን ቀን እራት አልበላችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ነበር የሚመስላት፤ ለካ ለእሷ ነው።

ዘመኑ ተንከባለለ። በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ ገደማ፣ ሰላም ተፈረመ ሲባል፣ አንዳንዱ ሰው መመለስ ጀመረ። አንድ ረፋድ ላይ ዓፊፋ የጫማ ሣጥን ስትደረድር ያን ሣቅ ሰማች። ከበሩ ላይ፣ ከጥበቃው ጋር። ሸዋረጋ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ በጫማው በኩል ገባች። ከስታለች፣ ለእናቷ ጥቁር ለብሳለች። ዐይኗ የራሷን ቤት ይፈልጋል። ቀስ እያለች መጥታ ደረጃው ሥር ቆመች፤ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ወለሉ አየች። ወለሉ ላይ የስፌት መኪናዋ እግር የፋቀው ቦታ አሁንም አለ። ሣቋ ቆመ።

ዓፊፋ ከሣጥኖቹ ጀርባ ቆማ ቀረች። ሸዋረጋን ቀድሞ ያያት ሙኽታር ነው። እንደ ዘመድ ሮጦ ተቀበላት፣ ስለ እናቷ አዘነ፣ ወንበር አስመጣ። ከዚያ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገናት።

«ሸዋረጋ እኅቴ፣ ያን ቀን ቁልፉን በደስታ ባትሰጪን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይሰፋም ነበር። እጅሽ በረካ አለው።»

ሸዋረጋ ዐይኗ ዞሮ ዞሮ ዓፊፋን ከሣጥኖቹ ጀርባ አገኛት። ገባት። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት፤ በፊቷ ላይ ሲገባ ታየ። ዓፊፋ አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ታዋርደኛለች ብላ ጠበቀች። ሸዋረጋ ግን አልጮኸችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጓደኛዋን ዝም ብላ አየቻት፤ እንደ ድሮው ከግድግዳው ወዲያ ሆና ተኛሽ ወይ የምትላት ነው የሚመስለው። ልትጠብቃት ነው። ዓፊፋ ዝም ብትል፣ ያቺ ሴት ተነሥታ የምትሄድ ይመስል ነበር፤ ማንም ሳያውቅ፣ መደብሩም ደረጃውም እንዳለ ይቀራል።

ዓፊፋ ከሣጥኖቹ ጀርባ ወጣች።

«ጋሼ ሙኽታር፣ አልሸጠችም። አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ምስማሩ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ደረጃ ሲሉ አምሮኝ ዝም አልኩ።»

ሙኽታር ከደረጃው የመጀመሪያ መርገጫ ላይ ተቀመጠ፤ ኩሩ ሰው ሲቀመጥ አጥንቱ ይሰማል። አልተሳደበም፣ ቢሳደብ ይሻላት ነበር። እንደምንም ቀና ብሎ ሸዋረጋን አውፍ በይን አላት፤ ያለፈው ሁሉ ይካሳል፣ አሁንም ብትሸጭልን የፈለግሽውን ጥሪ አለ። ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። አልሸጥም፣ መኪናዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ አለች። ደረጃውስ ቢላት፣ ደረጃ አላዘዝኩም አለችው።

ሙኽታር ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። «እውነትሽን ነው» አለ። «በአደራ ላይ ደረጃ አይቆምም። ይፈርሳል። ግን በርሽን የት አባቴ አገኘዋለሁ?»

ይኼኔ ዓፊፋ ሳትናገር ወደ ጓሮ መራቻቸው። በሁለቱ ማንጎ ዛፎች መሐል በሩ ቆሟል፤ ከሥሩ ቅጠል ተጠርጓል፣ መቆለፊያው በዘይት ያብረቀርቃል። ከሻሿ ጫፍ ባለ ቀይ ክሩን ቁልፍ ፈታች። በሸዋረጋ መዳፍ ላይ አኖረችው፣ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት። ሸዋረጋ ቁልፉን አየችው፣ በሩን አየችው። ገፋ አድርጋ አዞረችው። አልተንቋቋም። በሩ ተከፈተ፤ እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ፣ ከዚህ ግቢ ወደዚያው ግቢ ገባች። በወዲያ በኩል ፀሐይና ጥላ ተቀላቅለው ፊቷ ላይ ወረዱ። እዚያ ቆማ አለቀሰች። ዓፊፋ ከወዲህ ቆማ አለቀሰች። ሙኽታር ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የማንጎ ቅጠል ይለቅም ነበር።

ግንበኞቹ የሚመጡት በማግሥቱ ነው። ማለዳ፣ መደብሩ ሳይከፈት፣ ዓፊፋ ብቻዋን ገባች። ጫማዋን አወለቀች። እግሯን መጀመሪያው መርገጫ ላይ አሳረፈች፤ አልነቃችም። መደገፊያውን ይዛ፣ ረጅም ቀሚሷን ሳትሰበስብ፣ ወጣች። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች። የንጋቱ ብርሃን በእሷ በኩል ገብቶ ነጩን አንሶላ ሁሉ ወርቅ አስመስሎታል። ከመስኮቷ ወዲያ የኒምራ ታላታ ቆርቆሮ፣ የማንጎው አናት፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ጀበል ኩጁር ተራራ በጭጋግ ውስጥ ተኝቷል። ምን ልበላችሁ፤ ከሕልሟ ያነሰ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አላነሰም። ልክ እንዳሰበችው ነበር፣ ያማረ፣ አንጀት የሚበላ። ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መዶሻ የያዙት ሰዎች እስኪመጡ ጠበቀች፤ ከዚያ ወረደች።

ደረጃው ፈረሰ። ግድግዳው ተመለሰ፣ በሩም ከነመቃኑ ቦታው ገባ። ዛሬ ኸይር ኒምራ ታላታ ላይ እንደ ድሮው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከጫማው ወደ ጨርቁ የሚሄድ ሰው ወጥቶ፣ በፀሐይ ላይ፣ በሸዋረጋ ደጃፍ ማለፍ አለበት። ሙኽታር ያቺን ጣውላ ከነምስማሩ ነቅሎ ቤቱ ወሰዳት። ሱቅ ሲገዛ አሁን መዳፉን የሚዘረጋው ራሱ ነው። ዓፊፋን አልሰደባትም አልኳችሁ፤ ቁልፍ ወደ መቀበሉ ግን አልመለሳትም። ተገቢ ነው አለች፣ አንድም ቀን አልተከራከረችውም።

ሸዋረጋ ለረጅም ጊዜ በሰላምታ ብቻ ነበር የምታናግራት። ደኅና አደርሽ፣ ደኅና ዋይ። መኪናው ይንኳኳል፣ መዝሙሩ ግን የለም። ዓፊፋ ወንበሯ ላይ ሆና በግድግዳው በኩል ያን ድምፅ እየሰማች ትተኛለች፤ ሕልም አያያትም።

አንድ ቀን በቀትር ሸዋረጋ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ነበራት። ዓፊፋ ዐይኗን ከድና ሳለ ጥላ ፊቷ ላይ አረፈ። ስትገልጥ ሸዋረጋ ናት፣ ቁልፉን ይዛ። ልብስ ሊወስዱ የሚመጡ መዘምራን አሉ፣ ክፈቺላቸው አለቻትና ቁልፉን ዘረጋችላት።

ዓፊፋ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «ለእኔ? ሌላ ሰው አጣሽ?»

«ሌላው ሰው እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አለች ሸዋረጋ። «ያንቺን አደራ ግን ከማንጎው ሥር አይቼዋለሁ። ይፈርሳል እንጂ አይጠፋም። በይ ያዢ፣ እየረፈደብኝ ነው።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ዓፊፋ ምስማር አልፈለገችም፣ ሻሿንም አልፈታችም። እፍኟን ጨብጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አጋለው፣ መንደሩ ሁሉ አንቀላፋ፣ ጥበቃው እንኳ አንኮራፋ። ዓፊፋ ግን ጓደኛዋ እስክትመለስ ድረስ ያን ቀትር ዐይኗን አልከደነችም።